አጣቢዋን የምትጠብቅ ጠላት

ጠዋት ጠዋት አጣቢዋን ከአልጋዋ የሚያነሳት ጥላቻ ነው። ፀሐይ ብታነሳት ደግ ነበር። ወፎችም አሉ፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ ተሰልፈው፣ ዓለም ገና ትናንት የተፈጠረች ይመስል በደስታ የሚንጫጩ። ጉልበቷ ግን ለፀሐይም ለወፍም አይታዘዝም። ጆሮዋ የሚጠብቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከግቢው ማዶ ያለው የዚያች ሴትዮ በር ሲጥ ሲል። ያን ጊዜ፣

«ቀደመችኝ! እሳት ይብላትና ቀደመችኝ!» ትልና ብርድ ልብሱን በእግሯ ገፍትራ ትነሳለች።

ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ ቢጫውን ጨርቅ ከምስማሩ ላይ አውርዳ፣ በሯን ትከፍትና እጀታው ላይ ታንጠለጥለዋለች። ማዶ ባለው በር እጀታ ላይም እንዲሁ ያለ ቢጫ ጨርቅ ይወዛወዛል። ሁለቱ አሮጊቶች በየደጃቸው ቆመው ለአፍታ ይተያያሉ። ሰላምታ ብሎ ነገር የለም። አንዷ በሯን ታላትማለች፤ ሌላዋ ከዚያ አስበልጣ ታላትማለች። የግቢው ቀን በዚህ ይጀመራል።

ጨርቁ የሰፈሩ የአረጋውያን ማኅበር ያመጣው ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ከቤታቸው ሳይነቀሉ እንዲያረጁ የሚደግፍ ማኅበር ነው፤ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ መያዣ ብረት ይተክልላቸዋል፣ አስቤዛ ያመላልስላቸዋል፣ በየሳምንቱ አዳራሽ ሰብስቦ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ እጅና እግራቸውን ያሠራቸዋል። ጨርቁ ግን የሁሉም ዋና ነው። በሰላም ያደረ ሰው ጠዋት በሩ ላይ ይሰቅለዋል፤ ማታ ያስገባዋል። ትይዩ ያለው ጎረቤት ጠዋት ጨርቁን ካላየ ለማኅበሩ ይደውላል። ሰዎች ይመጣሉ፤ ያንኳኳሉ፤ መልስ ካጡ በሩን ይሰብራሉ።

አጣቢዋ ይህን ሁሉ የተቀበለችው ወዳ አይደለም። ክረምቱ ሲገባ መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወድቃ፣ የወንበር እግር ይዛ እስክትነሳ ድረስ ከሰሃን ማጠቢያው የሚንጠባጠበውን ውሃ ስታዳምጥ ውላ ነበር። ይህን የሰማች አንዲት ልጇ በማግስቱ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ በቃ። እኔ ጋ ትገቢያለሽ።»

«ምን ሆኜ?»

«እናት ሆነሽ ነዋ!»

«እናትማ እዚህም ነኝ። አንቺ ጋ የልጆችሽ አልጋ ጫፍ ላይ የተጣለች ትራስ ነው የምሆነው። ውሃ ልጠጣ ብዬ ብነሳ 'እማዬ ወዴት?'፣ መስኮት ብከፍት 'እማዬ ብርድ!'። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ አጃቢ ልትመድቢልኝ ነው።»

«ወድቀሽ ብትሞቺስ? ሰው ምን ይለኛል?»

«አሃ! ለሰው ነው እንዴ የምትወስጂኝ? እንዲያ በይኛ!»

ልጅቷ አለቀሰች፤ እናትየው ዞር ብላ አላየቻትም። ያኔ ነው የማኅበሩ አስተባባሪ በመሃል የገባችው። ለሕፃን እንደሚነገር ቃሉን እየቆረሰች የምትናገር፣ የፈገግታዋ ማለቂያ የማይታወቅ ሴት ናት። ጨርቁን አስረዳች፤ መያዣ ብረቱን አስረዳች፤ እስከ ክረምቱ መውጫ ሙከራ ይሁን አለች። ልጅቷም ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ከትታ ቃሏን ሰጠች፤ ጨርቁ አንድ ጊዜ ቢጓደል ትታገሣለች፤ ሁለተኛ ቢጓደል፣ ወይም ማኅበሩ አልችልም ካለ፣ ወሬ የለም። ቤቱ ይዘጋል፤ እናትየው ወደ ልጅ ቤት።

ችግሩ፣ የአጣቢዋ በር የሚታየው ከአንድ መስኮት ብቻ መሆኑ ነው። አስተባባሪዋ ግቢውን ዞራ ዞራ መጥታ፣

«እማማ፣ ከዚያኛው መስኮት ነው የሚታየው» አለቻት።

«ከዚያችኛዋ?»

«ምነው፣ ችግር አለ?»

«ኧረ ምን ችግር አለ! ሞቼ የተገኘሁ ቀን የመጀመሪያዋ ጨፋሪ እሷ ናት፤ ዜናው አይዘገይባችሁም።»

ማዶ ያለችውም ብቻዋን የምትኖር ነበረችና ጥበቃው የእርስ በርስ ሆነ። አስተባባሪዋ ሄዳ ስትነግራት ድምፅዋ ከመስኮቱ አልፎ ግቢውን ሞላው።

«እኔ? እሷን? ዕድሜ ልኬን እሷን ሳይ አይደል እንዴ ዓይኔ የጠፋው!»

ይህችኛዋ ተኳሿ ትባላለች፤ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ነው ያረጀችው። ስሙ ለአፏም ስለሚስማማ ማንም ሊቀይረው አልሞከረም። አጣቢዋም የዚያው ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ነበረች፤ ግቢውም ሆስፒታሉ ዱሮ ለሠራተኞቹ የሰጠው ነው። ሁለቱ በአንድ እንፋሎት ውስጥ ወጣትነታቸውን ቀቅለው ጨርሰዋል።

ያ ክፍል ሲታሰብ የሚመጣው ጉም ነው። ማሽኖቹ ያጓራሉ፣ ውሃው ይፈላል፣ ነጭ አንሶላ በነጭ ጭስ ውስጥ እንደ ሕልም ያልፋል። ትልቅ አንሶላ ደግሞ ብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፤ «ጫፍ!» ይባባላል፣ ማዕዘን ይያያዛል፤ «ሳብ!» ይባባላል፣ ጨርቁ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ጭብጨባ የመሰለ ድምፅ ያሰማል፤ «ስጪ!» ስትባል አንዷ ተራምዳ ጫፏን በሌላዋ እጅ ላይ ታኖራለች። ፊት ለፊት፣ ደረት ለደረት፣ እንደ ዳንስ። አጣቢዋና ተኳሿ የአንድ አንሶላ ሁለት ጫፎች ነበሩ። እንደነሱ የሚያጥፍ በክፍሉ አልነበረም።

ሴቶቹ የማሽኑን ጩኸት በግጥም ነበር የሚያሸንፉት። አንዷ ትወረውራለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች፤ ሳቁ ከእንፋሎቱ ጋር በመስኮት ይወጣል። አንድ ቀን የአጣቢዋ ባል ልብሱን ጠቅልሎ ሄደ፤ ሌላ ሴት ጋ ነው ተባለ። አጣቢዋ ዓይኗ አብጦ ሥራ ገባች፤ ማንም ምንም አላለም። ከሰዓት በኋላ ግን የተኳሿ ድምፅ፣ ያ መረዋ፣ ያ የሚያምር ክፉ ድምፅ፣ ከመተኮሻው ጀርባ ተነሳ፤

«ባሏን እንደ አንሶላ ስታሸው ስትጨምቅ፣
አጥሩን ዘሎ ሄደ ሳይደርቅ ሳይታወቅ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግጥሙ በማግስቱ ወጥ ቤት ገባ፣ ከዚያ ዘበኞቹ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ የግቢው ልጆች ኳስ እያነጠሩ ዘፈኑት። አጣቢዋ መልስ አልሰጠችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ«ጫፍ»፣ ከ«ሳብ» እና ከ«ስጪ» በቀር አንዲት ቃል ሳትጨምር፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፊት ለፊቷ ቆማ አንሶላ አጠፈች። ጡረታ ሲወጡ ሦስቱ ቃላትም ቀሩ።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት ጠባቂዋ።

ማኅበሩ በጎውን አስቦ ነበር። አጣቢዋ ግን መያዣ ብረቱን ሲተክሉላት «የእስር ቤት ፍርግርግ» ብላ ካልሲ አሰጣችበት፤ ሰው ሲሄድ ጨብጣው እንደምትቆም ለማንም አልተናገረችም። አዳራሹ ውስጥ ወንበሯን ከተኳሿ ወንበር በሩቅ ታስቀምጣለች። አሠልጣኙ «ቀኝ እግር ወደ ላይ!» ሲል ሁለቱ በዓይናቸው ጥግ እየተያዩ እግራቸውን ያነሳሉ፤ ሌላው አውርዶ ትንፋሹን ሲሰበስብ እነሱ ፊታቸው በርበሬ እስኪመስል አያወርዱም።

«እናቶቼ፣ በቃ! ውድድር አይደለም እኮ!»

«ለሷ ንገራት» ይላሉ፣ በአንድ አፍ።

አንድ ቀን ታዲያ ጨርቁ ቆሸሸ። የእጅ ወዝ አለ፣ የዝናብ ፍንጣቂ አለ፣ የመንገድ አቧራ አለ። አጣቢዋ ከሰቀለችው በኋላ ተመልሳ ታየዋለች፤ ስትቀመጥም ይታያታል። ዕድሜዋን በሙሉ ደም ያለበትን፣ መድኃኒት ያለበትን፣ የሰው እንባ ያለበትን ስታነጣ የኖረች ሴት ደጃፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተሰቅሎ አላፊ አግዳሚ ሲያየው! ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይመስለውም። እሷ ግን ፀሐይ ብልጭ ያለች ዕለት ጠዋት አላስቻላትም። በሳሙና ነከረችው፣ አሸችው፣ አለቀለቀችው፣ ጨምቃም ግቢው መሃል ባለው ሽቦ ላይ አሰጣችው። ከዚያ ከመስኮት የገባው ሙቀት ጣማትና «ትንሽ ጋደም ልበል» አለች።

የነቃችው በሩ ሲገነጠል ነው።

«እማማ! እማማ! ይሰሙኛል?» አስተባባሪዋ አልጋው ላይ ተደፍታ እጇን ትደባብሳለች።

«ምን ሆናችሁ ነው? ምን ሰርቄ ነው በሬን የምትገነጥሉት?»

«ጨርቁ የለም እኮ!»

«ታጥቦ ተሰጥቷላ! ያው ሽቦው ላይ!»

«ለምን ያጥቡታል?»

«ለምን ይታጠባል ትለኛለች እኮ! ስለቆሸሸ ነዋ!»

ማዶ መስኮቱ ተከፈተ፤ ተኳሿ ክንዷን ደፉ ላይ አስደግፋ ብቅ አለች።

«ደንቡ በር ላይ ነው የሚለው» አለች፤ ለአስተባባሪዋ። «ሽቦ ላይ አይልም።»

«ሳሰጣው አይተሽኛል! በዓይንሽ በብረቱ አይተሽኛል!»

«አይቻለሁ። በቅጡ እንኳ አልጨመቅሽውም።»

ልጅቷ ማታ መጣች። የተገነጠለውን በር አስጠግና አዲስ ቁልፍ ካስገባች በኋላ አልጋው ሥር ያለውን ሻንጣ በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«እማዬ፣ አንዱ አለቀ።»

 ያ ሻንጣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአልጋው ሥር የተኛ ውሻ ሆነ፤ አጣቢዋ እግሯን ስታወርድ የሚነክሳት ይመስላታል። ጨርቁንም ከዚያ ወዲያ አላጠበችውም። ጥርሷን ነክሳ ቆሻሻውን ሰቀለች።

ክረምቱ ሊወጣ ደጃፍ ሲደርስ አንድ የመጨረሻ ዝናብ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ እንደ አልቃሽ ሲያወርድ አደረ። ጠዋት ዝም አለ፤ ወፎቹም ዝም አሉ። አጣቢዋ አልጋዋ ላይ ሆና የዚያችን በር ሲጥታ ጠበቀች። አልመጣም። «ዛሬ ቀደምኳት!» ብላ በደስታ ተነሳች፤ ጨርቋን አንጠለጠለች፤ ድሏን ለማየት ቀና አለች።

የተኳሿ ጨርቅ በሩ ላይ ነበር።

ልትሳደብ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ልብ ብላ አየች። ጨርቁ ይንጠባጠባል። ከጠዋቱ የተሰቀለ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ የተደበደበ ጨርቅ ነው፤ እንደ ረገፈ ቅጠል ሳንቃው ላይ ተለጥፏል። ማታ አልገባም ማለት ነው። ያቺ ሴትዮ ደግሞ ምላሷን እንጂ ጨርቅ ውጭ አታሳድርም።

አጣቢዋ በሯን ዘግታ ተቀመጠች። ደንቡ የሚለው «በሩ ላይ ጨርቅ አለ ወይ» ነው። አለ። ማንም አይጠይቃትም፤ ማንም አይወቅሳትም። «ደንቡ ደንብ ነው» አለች፣ የዚያችን ድምፅ አስመስላ። ለክፍሉ ተናገረችው እንጂ ራሷን አላሳመናትም። ሻዩን ቀዳች፤ አልወረደላትም። ብትደውል ያቺን ይወስዷታል፤ እሷ ከሄደች በሯን የሚያይ መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ ማኅበሩ «አልችልም» ይላል፤ ማኅበሩ አልችልም ካለ ሻንጣው ከአልጋ ሥር ይወጣል። ባትደውልስ?

«መጀመሪያ ራሴ አያታለሁ» አለች። ምርኩዟን አነሳች።

ግቢው ጭቃ ነበር። በበጋ እንኳ አታቋርጠውም፤ ዘለግ ያለ ዕድሜ ነው ከዚያ ሽቦ ወዲያ ካለፈች። የተኳሿ ደረጃ ከእሷ ይልቅ ከፍ ይላል። አንዱን እግር አስቀድማ፣ ሌላውን እየጎተተች፣ ጉልበቷን እየሰደበች ወጣችው።

«አንቺ! ጨርቅሽ በሰበሰ!»

ከጉድጓድ የመጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ መለሰ፤

«ያንቺ ዓይን ይበስብስ!»

በሕይወት አለች። አጣቢዋ በሩን ገፋችው፤ ከውስጥ አልተቀረቀረም ነበር።

ተኳሿ ወጥ ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግታለች። ማታ ጨርቁን ልታስገባ ስትነሳ ነው የወደቀችው። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ አንድ እግሯ የሌላ ሰው ይመስል ወደ ውጭ ዞሯል።

«ከሰው ሁሉ አንቺ ትላኪብኝ?»

«ማንም አልላከኝም። ልስቅ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ሳቂና ሂጂ።»

አጣቢዋ አልሳቀችም። መኝታ ክፍል ገብታ ፍራሹን ከአልጋው ስባ መሬት ጣለችው፤ አንሶላውን ገፈፈችና ይዛው መጣች። አንሶላው እንዴት ታጥቦ እንደሆነ ዓይኗ ሳይታዘዝ አይቶታል፤ ንጹሕ ነው፤ አናደዳት። ጎንበስ ብላ ከተኳሿ ጀርባ በታች አስገባችው፣ በዚህ በኩል ትንሽ፣ በዚያ በኩል ትንሽ፣ ለበሽተኛ እንደሚደረገው።

«ጫፍ!» አለች፣ ሳታስበው።

የተኳሿ እጅ ራሱ ተነስቶ የአንሶላውን ጫፍ ጨበጠ። ሁለቱም ደነገጡ።

«ሳብ!»

አጣቢዋ ወደ ኋላ ተወጠረች። ጉልበቷ ጮኸ፤ እሷ አልጮኸችም። ተኳሿ ጮኸች። ጥቂት ሄዱ፤ ቆሙ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፤ የተኳሿ ዓይን ይከደን ጀመር።

«እንዳትተኚ! እኔ እየለፋሁ አትተኚብኝም!»

«ያቺ ግጥም» አለች ተኳሿ፣ ዓይኗን እንደ ጨፈነች። «መልስ ስጠብቅ አረጀሁ እኮ። ግጥም ነበር። ይመለሳል። ሴቶቹ ሁሉ ይጠብቁ ነበር። አንቺ ዝም ብለሽ አስቀየምሽኝ።»

«እኔ? እኔ ነኝ አስቀያሚዋ? ባሌ በሄደ በሳልስቱ!»

«እንድትስቂ ነበር።»

«ውሸታም! እንዲስቁብኝ ነበር!»

«… እንዲስቁም ነበር» አለች ተኳሿ።

አጣቢዋ አንሶላውን ጨብጣ ቆመች። ያን ሁሉ ዘመን ስታሸው፣ ስታለቀልቀው፣ ሌሊት ሌሊት ከትራሷ ጋር ስትለካካው የኖረችውን ሁለት መስመር አፏ ላይ አገኘችው። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ዜማው ግን አልጠፋም፤

«የእኔስ አጥር ዘሎ ሄደ በእግሩ ቆሞ፣
ያንቺው ቤቱ ሞተ ምላስሽን ታሞ።»

ተኳሿ ዓይኗን ገለጠች። ደረቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው፣ ሕመም ነው፣ አይለይም።

«ክፉ!» አለች። «ክፉ ሴት! ይሄን ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ሳብ!» አለች አጣቢዋ።

ፍራሹ ላይ አደረሰቻት። ብርድ ልብስ ጣለችባት። ተኳሿ ትንፋሿ ሲመለስ ክንዷን ያዘቻት፤ ጣቶቿ በረዶ ናቸው።

«እንዳትደውዪ።»

«እንዴት አልደውል?»

«ልጄ ከሩቅ ከተማ ሆኖ ይህቺን ቀን ነው የሚጠብቃት። 'ብቻዋን አልቻለችም' ከተባለ በዚያው ነው፤ ቤቴን አላየውም። ማታ ጨርቁን አስገቢልኝ፤ ጠዋት ስቀይልኝ። ስትመጪ ማን ያይሻል? ከሁለታችን መስኮት በቀር በሮቻችንን የሚያይ የለም። ሰንበት ሳይደርስ እነሳለሁ።»

«በዚህ እግር?»

«በምላሴ እነሳለሁ፤ ምን አገባሽ! ደግሞ አስቢበት፤ እኔ ከሄድኩ አንቺም ሄድሽ። እነሆ፣ ሳልነግርሽም በፊት ስታስቢው እንደ ነበር ያስታውቅብሻል።»

እውነቷን ነው። አጣቢዋ አስባዋለች። ቀላልም ነበር፤ ማታ ሁለቱንም ጨርቆች ማስገባት፣ ጠዋት ሁለቱን መስቀል፣ ለአስተባባሪዋ ፈገግ ማለት። ክረምቱ ይወጣል፤ ሻንጣው ባዶውን ይመለሳል። ቤቷ ቤቷ ይሆናል፤ መስኮቷን ባሻት ሰዓት ትከፍታለች፤ ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ ወዴት የሚላት አይኖርም። ግን በዚያ ማጠቢያ ክፍል «ነገ ይሻለኛል» ያሉ ሰዎች የተኙባቸውን ስንት አንሶላ አጥባለች። ነገ አንሶላው ብቻ ነበር የሚመጣው።

ክንዷን አስለቀቀች። ወደ ደጁ ወጥታ እርጥቡን ጨርቅ ከእጀታው ላይ አወረደችው። ልማድ ነውና ጨመቀችው። በሌላ እጇ ስልኳን ከጡቷ ሥር አወጣች።

«ጨርቁ የለም» አለች።

«የማን፣ እማማ?»

«የተኳሿ። ወድቃለች። ተሸካሚ ላኩ፤ ቶሎ በሉ!»

ከውስጥ እርግማኑ ተነሳ። «ከሃዲ! ቤቴን ሸጥሽው! አፈር ብዪ! ቤቴን ሸጥሽው!»

«የራሴንም ነው የሸጥኩት» አለች አጣቢዋ ወደ ውስጥ። «ዝም በይና ትንፋሽሽን ቆጥቢ።» ደረጃው ላይ ተቀመጠች። 

ግቢው ብዙም ሳይቆይ በሰው ሞላ። አስተባባሪዋ ከተሸካሚዎቹ ጋር መጣች፤ ልጅቷም ተደውሎላት በታክሲ ደረሰች። እናቷን በጭቃ የተለወሰ ቀሚስ ለብሳ ጠላቷ ደረጃ ላይ ስታገኛት ፊቷ ተለዋወጠ።

«እማዬ! ይሄን ደረጃ በዚህ ጉልበትሽ! ተመልከቺ፣ ዛሬ እሷ ናት፤ ነገ አንቺ ነሽ። ተነሺ፤ ልብስሽን እንክተት።»

«እውነት ነው፣ እማማ» አለች አስተባባሪዋ፣ ቃሉን እየቆረሰች። «ከዚህ መስኮት በቀር የእርስዎን በር የሚያይ የለም። ያለ ጠባቂ ማኅበሩ ኃላፊነት መውሰድ ይከብደዋል። ልጅዎ ጋ ቢያርፉ ይሻላል።»

  አጣቢዋ የተኳሿን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እጥፋቱን ታስተካክላለች።

ቃሬዛው ወጣ። ተኳሿ እስከ አገጯ ተሸፍናለች፤ ፊቷ እንደ አመድ ነው። ከልጅቷ ትይዩ ሲደርሱ፣

«አቁሙኝ!» አለች።

«እማማ፣ እንቸኩላለን።»

«አቁሙኝ አልኩ! ልትወስዷት ነው?»

«ማንን?»

«ይህቺን ነዋ!» ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንድ ጣት ወጥታ አጣቢዋን አመለከተች። «ብቻዋን መኖር አትችልም ነው የምትሉት? እኔ ልንገራችሁ። ለዚህ ሥራ ያስቀመጣችሁኝ እኔን አይደል? በየጠዋቱ ሳያት የከረምኩት እኔ ነኝ። በሌሊት ትነሳለች። በሯን ስታላትም የእኔ ሳህን ይወድቃል። አዳራሽ ውስጥ እግሯን ስታነሳ እንድታወርድ ትለመናለች። ዛሬ ይሄን ጭቃ አቋርጣ፣ ይሄን ደረጃ ወጥታ፣ ፍራሽ ተሸክማ፣ እኔን የምታህል ሴት እንደ አንሶላ ጎትታለች። ደግሞ እየጎተተች ሰደበችኝ። ገጠመችብኝ! አንጎሏ እንደ ምላጭ ነው። ይህቺ ብቻዋን መኖር አትችልም? ይህቺ ከሰው ጋር ነው መኖር የማትችለው!»

አንዱ ተሸካሚ ሳቀ። አስተባባሪዋ ፈገግታዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እናቷን፣ ከዚያ የጠላቷን በር፣ ከዚያ መሃል ያለውን የጭቃ ዱካ አየችው፤ ከአንዱ ደጅ እስከ ሌላው ደጅ የአንድ ሰው እግርና የምርኩዝ ምልክት በመስመር ሄዷል፤ የተንሸራተተበት ቦታ የለም።

«መስኮቱን በተመለከተ» አለች ተኳሿ፣ አሁን ድምፅዋ እየደከመ፣ «እኔ እመለሳለሁ። እስክመለስ አንዳችሁ ጠዋት ጠዋት እየመጣችሁ በሯን ምቱት። እግር የላችሁም? ሥራችሁ አይደል?»

«ይቻላል» አለች አስተባባሪዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው። «ሰው እንመድባለን። ልጅቷ ከተስማማች።»

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ማንም አልጠየቀሽም!» አለች አጣቢዋ በመሃል፤ ለተኳሿ ነው። «ማን መስክሪልኝ አለሽ?»

«መሰከርኩልሽ? ስምሽን ነው ያጠፋሁት። ውሰዱኝ በሉ፣ ፊቷን ማየት ሰልችቶኛል። የቤቱን ቁልፍ ደግሞ ለማኅበሩ፤ ለእሷ እንዳትሰጧት!»

ቃሬዛው ከበሩ ወጣ። ግቢው ውስጥ እናትና ልጅ ቀሩ።

«ምን ትያለሽ?» አለች እናትየው። ጠብ ለመጀመር እንደተዘጋጀ ሰው ነው የጠየቀችው።

«ምን እላለሁ?» አለች ልጅቷ። ተቆጥታለች፤ ዓይኗ እርጥብ ነው። «ክረምቱ እስኪወጣ ብዬሻለሁ። አልወጣም። አልስማማም፣ አልወደውም፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም በአንቺ ምክንያት። ግን ቃሌ ቃሌ ነው።»

«አታኩርፊ።»

«አኩርፌያለሁ!»

አጣቢዋ ከደረጃው ተነሳች። ልጅቷ ክንዷን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ እናትየው በትከሻዋ ገፋችውና ብቻዋን ጭቃውን ተሻገረች። ቤቷ ገባች፤ በሩን ዘጋችው። ልጅቷ ተከትላ ደርሳ ደጁ ላይ ቆመች፤ ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ቆይ፣ መጣሁ።»

ከውስጥ ምርኩዙ ወለሉን ይነካል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይነካል። ወንበር ተገፋ። አንድ ነገር ወደቀና እናትየው ሰደበችው። ልጅቷ እጇን እጀታው ላይ አድርጋ ነበር፤ አንስታ ወደ ኪሷ ከተተችው፤ እስኪከፈትላት ድረስ ቆማ ጠበቀች።